ተጨማሪ መረጃ፦ የመላኪያ መስመር ሲጨናነቅ

በኤዲኤስኤል መስመር የመላኪያ ፍጥነት ከመቀበያው በእጅጉ ያነሰ ነው። ከራውተር ጀርባ ያለ የድረ ገጽ ሰርቨር ትልልቅ ፋይሎችን ሲልክ ይህን ጠባብ መስመር ይሞላዋል። የሚገርመው ዳውንሎድም አብሮ ይንቀራፈፋል! ኮምፒውተራችሁ «ደርሶኛል» ብሎ የሚመልሳቸው ትንንሽ ፓኬቶች እዚያው ወረፋ ውስጥ ስለሚገቡ፣ የምታወርዱትን ፋይል የሚልከው ወገን ማረጋገጫ እስኪያገኝ ቀጣዩን ዳታ ያዘገያል። መፍትሔው ትራፊክ ሼፒንግ ነው፤ ይኸውም የመላኪያ ፍጥነትን ሆን ብሎ ከመስመሩ አቅም ጥቂት ዝቅ አድርጎ መገደብ ማለት ነው። ገደቡ ለእያንዳንዱ ግንኙነት ብቻ ከሆነ ግን ተጠንቀቁ፦ በሰከንድ 200 ኪሎቢት የተፈቀደላቸው 10 ተጠቃሚዎች በአንድነት 2,000 ኪሎቢት ይጠይቃሉ፤ ይህም ከመስመሩ አቅም ሊበልጥ ይችላል።

ሞክሩት፦ ትልቅ ፋይል አፕሎድ እያደረጋችሁ በዚያው መስመር ላይ ካለ ሌላ ኮምፒውተር ወደ አንድ ድረ ገጽ «ፒንግ» አድርጉ። የምላሹን ጊዜ አፕሎዱ ከመጀመሩ በፊት ከነበረው ጋር አነጻጽሩ።