ጥያቄ በምስክር ፊት

በኢሉባቦር ዞን ከመቱ ወደ በደሌ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ሁሩሙ ታናሽ ከተማ ብትሆንም በዙሪያዋ ያለው ጉዳይ ግን ታናሽ አይደለም። የያዩ ደን፣ ይኸውም ቡና ሰው ሳይተክለው በታላላቅ ዛፎች ጥላ ሥር እየበቀለ የሚኖርበት ምድር፣ በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ ዘንድ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ተብሎ ሲመዘገብ የሁሩሙ ወረዳም ከክልሉ ውስጥ ገብቷል። በዚህ ሥርዓት መሠረት ደኑ በሦስት ይከፈላል፤ እምብርቱ ፈጽሞ የማይነካ ሲሆን፣ እሱን በከበበው ደን ገበሬው ቡናውን ይለቅማል፣ ቀፎውን ይሰቅላል፣ ከዚያ ወዲያ ባለው ደግሞ ያርሳል፣ ጎጆውንም ይቀልሳል። ወሰኑ በየት በኩል እንደሚያልፍ፣ ለተከለከለውም ምን እንደሚተካለት መጠየቅ የገበሬው መብት ነው፤ ነገር ግን እርሱ የሚጠይቅበት፣ ሹሙም በምስክር ፊት የሚመልስበት ዐውድ ወዴት ነው?

ለዚህ ተግባር በልዩ ልዩ አገሮች ከተመሠረቱት ተቋማት አንዱ፣ በተለምዶ ፕሬስ ክለብ የሚባለው የጋዜጠኞች ክበብ ነው። ከውጭ ሲያዩት ጋዜጠኞች በመዋጮ የሚያስተዳድሩት፣ ቡና እየጠጡ ወግ የሚጠርቁበት ቤት ይመስላል፤ ምሥጢሩ ግን ከባለቤትነቱ ላይ ነው። ሹም መግለጫ ሲሰጥ ጋዜጠኛውን ወደ ገዛ አዳራሹ ጠርቶ፣ ሰዓቱን ራሱ ወስኖ፣ ጠያቂውንም ራሱ መርጦ ነው፤ ወደ ክበቡ ሲመጣ ግን እንግዳ ነውና በቤቱ ሥርዓት ይገዛል።

እ.ኤ.አ. በ1908 በዋሽንግተን የተመሠረተው ብሔራዊ የጋዜጠኞች ክበብ ለዚህ አንድ ብልሃት አለው። ለምሳ የተጋበዘው እንግዳ ንግግሩን ሲፈጽም፣ ታዳሚዎች በትንንሽ ካርድ ላይ ጽፈው ያሳለፉትን ጥያቄ የክበቡ ሊቀ መንበር እያነበበ ያቀርብለታል፤ የጠያቂው ማንነት ሳይገለጥ ጥያቄው በሁሉ ጆሮ ይገባል። አለቃውን ለሚፈራ የወረዳ መምህር ይህች ካርድ ምን ያህል መከታ ትሆነው ነበር! ይሁን እንጂ ይኸው ክበብ እስከ እ.ኤ.አ. 1971 ድረስ ሴቶችን በአባልነት አልተቀበለም፤ ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ሴት ጋዜጠኞች ወንዶቹ ከታች ማዕድ ቀርበው ሲበሉ፣ እነርሱ ከሰገነት ላይ ሆነው፣ መጠየቅም ተከልክለው፣ የእንግዳውን ንግግር ይጽፉ ነበር። የጃፓን ክበቦችም በየሚኒስቴሩ ቤት ውስጥ ተተክለው አባል ያልሆነውን በማግለላቸው ብርቱ ነቀፌታ ደርሶባቸዋል። ከሹም ጋር የተዛመደ ክበብ የሹሙ እልፍኝ ሆኖ ይቀራልና።

ለእኛ ጉዳይ ይበልጥ የሚቀርበው የፓኪስታን ከተማ የካራቺ ክበብ ነው። ከሲንድና ከባሉቺስታን ገጠር ደመወዝ የተከለከለ ሠራተኛ፣ መሬት የተነጠቀ ባለርስት፣ ልጁ የጠፋበት አባት፣ ጽሑፉን በሰሌዳ ይዞ ከክበቡ ደጅ ይቆማል፤ አቤቱታው በከተማው ጋዜጦች የሚወጣው ብዙ ጊዜ ከዚያ ደጅ ተነሥቶ ነው።

በእኛም አገር ሕዝብን ሰብስቦ ስለ አገር ጉዳይ መናገር እንግዳ ነገር አይደለም። በኦሮሞ የገዳ ሥርዓት ጉባኤው ሁሉ ተነጋግሮና ተስማምቶ ሕግ ይደነግግ እንደ ነበር የታወቀ ነው። በ1927 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተቋቋመው የሀገር ፍቅር ማኅበርም በዲስኩርና በዜማ ሕዝቡን ለዘመቻ ያነሣሣ ነበር፤ ዳሩ ግን የተመሠረተው ለማነሣሣት እንጂ ሹምን ለመጠየቅ አልነበረም። ኋላ የማኅበራዊ ጥናት መድረክን የመሰሉ ድርጅቶች ስለ ድህነትና ስለ መሬት ያዘጋጇቸው የውይይት ጉባኤዎች ይህን ጉድለት በከፊል ቢሞሉም፣ አዳራሻቸው በአዲስ አበባ ስለሆነ የኢሉባቦር ገበሬ አልተቀመጠባቸውም።

የዚህ ርቀት ጉዳት የታየው በያዩ የማዳበሪያ ፋብሪካ ነው። ከከርሰ ምድሩ የድንጋይ ከሰል ዩሪያ ለማውጣት ታስቦ፣ ሥራው ለብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን ተሰጥቶ፣ በሁለት ዓመት ይፈጸማል የተባለው ግንባታ ለብዙ ዓመታት ሲጓተትና ገንዘብ ሲበላ፣ ነገሩ የተመረመረው በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት፣ የተጻፈውም በአዲስ አበባ ጋዜጦች ነበር። መሬቱን ለፋብሪካው የለቀቀው ሰው ግን ስለ ካሳው የሚጠይቀውን አጥቶ ከቢሮ ወደ ቢሮ ይመላለሳል። በወረዳው ያለው የኮሙኒኬሽን ጽሕፈት ቤት የአስተዳደሩ ልሳን ስለሆነ አስተዳደሩን ይጠይቅ ዘንድ አይጠበቅበትም። የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 የመንግሥት መሥሪያ ቤት ለጠያቂው በ30 ቀን ውስጥ እንዲመልስ ያዝዛል፤ ነገር ግን በፖስታ የሚመጣ መልስ ተከታይ ጥያቄ አይቀበልም። ፊት ለፊት የተቀመጠ ሹም ግን «ይጣራል» ባለ ጊዜ «እስከ መቼ?» የሚለው አይጠፋም።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ክበብ የሚያስፈልገው ለገበሬው ቅርብ በሆነችው በመቱ ነው፤ ሕንፃም አያሻውም። የመቱ ዩኒቨርሲቲ አዳራሽ በወር አንድ ቀን ቢፈቀድ፣ ለልዩ ልዩ ጋዜጦችና ሬዲዮኖች ከዞኑ ዜና የሚልኩ ዘጋቢዎች በመዋጮ ማኅበር ቢያቆሙ፣ ከሁሩሙ፣ ከያዩና ከጎሬ የሚመጣው ሕዝብም በአፋን ኦሮሞ ጠይቆ ለአዲስ አበባው ጋዜጠኛ በአማርኛ ቢተረጎምለት፣ ለመጀመሪያው ዓመት ይበቃል። የካርዱን ልማድ ይውሰዱ፤ ሰገነቱን ግን ይተዉት፤ ደኑ ውስጥ ቡና የምትለቅመው ሴት ከፊተኛው ወንበር ትቀመጥ። ከሹማምንት ገንዘብ አይቀበሉ። ለመጀመሪያው ጉባኤ የደኑን ወሰንና የማዳበሪያውን ፋብሪካ ካሳ የሚያውቁትን ኃላፊዎች ይጥሩ፤ ያልመጣውንም ኃላፊ ስም፣ የቀረበትን ቀንና ያልተመለሰውን ጥያቄ በጋዜጣ ያውጡ።