ካሮቲን ከሰሃን ወይስ ከእንክብል?

ካሮትንና ዱባን ብርቱካናማ፣ ቲማቲምን ቀይ የሚያደርጉት ቀለማት በጥቅሉ ካሮቲኖይድ ይባላሉ። ጎመን ውስጥም ሞልተዋል፤ አረንጓዴው ሸፍኗቸው ነው እንጂ። የአዋቂን ሰው በሽታ የመከላከል አቅም ያጠናክራሉ ወይ የሚለው ጥያቄ ከተነሣ መቶ ዓመት ሊሞላው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1928 በእንግሊዝ ግሪንና ሜላንቢ ቫይታሚን ኤ የተነፈጉ አይጦች በኢንፌክሽን እንደሚሞቱ አሳዩ። በ1930 ደግሞ ቶማስ ሙር ከካሮቲኖይዶች አንዱ የሆነው ቤታ ካሮቲን በአይጦች አካል ውስጥ ወደ ቫይታሚን ኤ እንደሚለወጥ አረጋገጠ። ቫይታሚኑ የአንጀትንና የመተንፈሻ አካላትን ውስጠኛ ሽፋን ይጠብቃል፤ ነጭ የደም ሴሎችም ሥራቸውን በአግባቡ እንዲሠሩ ያግዛል። የጎደለውን ሰው በሽታ ይደፍረዋል። እስከዚህ ድረስ ክርክር የለም።

ክርክሩ ያልጎደለው ሰው ቢጨምርስ የሚለው ላይ ነው። በደማቸው ብዙ ካሮቲን ያላቸው ሰዎች የተሻለ ጤና እንዳላቸው መታየቱ ተመራማሪዎችን ወደ እንክብል መራ። በፊንላንድ 29,133 አጫሽ ወንዶች በተሳተፉበት ሙከራ ከፊሎቹ በየቀኑ 20 ሚሊግራም ቤታ ካሮቲን ለዓመታት ወሰዱ። በጥቅሉ ሲታይ ጉንፋንም ሆነ የሳንባ ምች አልቀነሰም። ይባስ ብሎ በ1994 ይፋ በሆነው ውጤት የሳንባ ካንሰር በ18 በመቶ ጨምሮ ተገኘ። ቤታ ካሮቲንን ከቫይታሚን ኤ ጋር የሰጠ የአሜሪካ ሙከራም በ1996 ከጊዜው በፊት ተቋረጠ።

ታዲያ የመጀመሪያው ግምት የት ሳተ? አትክልት የሚያዘወትር ሰው ብዙ ጊዜ በሌላም ነገር ጤናውን ይጠብቃል። ኢንፌክሽን ራሱም በደም ውስጥ ያለውን ካሮቲኖይድ ስለሚቀንስ፣ ማነሱ የሕመሙ መንስኤ ሳይሆን ውጤቱ ሊሆን ይችላል።

ከምግብ የሚገኘው ካሮቲን ግን ሌላ ነው፤ ሰውነት የሚለውጠው እንደሚያስፈልገው መጠን ነው። ቅቤ፣ እንቁላልና ጉበት በማይቀመስበት የጾም ወራት ዋናው የቫይታሚን ኤ ምንጭ ይኸው ነው። 1 ማይክሮግራም ቫይታሚን ኤ ለማግኘት ከአትክልት 12 ማይክሮግራም ያህል ቤታ ካሮቲን ያስፈልጋል። ይህም ያለ ቅባት በደንብ አይመጠጥም። ስለዚህ ጥሬውን ከተቆረጠመ ካሮት ይልቅ በዘይት ተቁላልቶ የበሰለው ይበልጣል፤ የዱባ ወጡም፣ ጎመኑም እንደዚያው። አጫሽ ግን ከቤታ ካሮቲን እንክብል ይራቅ።