አንድ ሳምንት በባሕር ዳርቻ ኮቴጅ፦ የእንግሊዝ የቤተሰብ ዕረፍት እንዴት ይታቀዳል?

እህትዎ ለንደን ትኖራለች እንበል። «ለክረምቱ ልጆቹን ይዛችሁ ኑ» ማለት ከጀመረች ዓመታት ተቆጥረዋል። ልጆችዎ የአክስታቸውን ልጆች የሚያውቋቸው በቪዲዮ ስልክ ብቻ ነው። ዘንድሮ ገንዘቡም ጊዜውም ተገጣጥሞልዎት ለመሄድ ቢወስኑ ግን ቀጥሎ የሚመጣውን ያስቡት። የለንደን አፓርታማ ጠባብ ነው፤ እህትዎ ሥራ ትገባለች፤ ማታ ደክሟት ተመልሳ ለስምንት ሰው ታበስላለች። እርስዎ ደግሞ «እንዳናስቸግራት» እያሉ ልጆቹን ይዘው ከሱቅ ሱቅ ሲዞሩ ይውላሉ። ሁለት ሳምንት አልፎ ሲሰነባበቱ፣ ተረጋግታችሁ ያወራችሁበት ቀን ስንት ነው?

ለዚህ እንግሊዞች ራሳቸው ለዘመናት የሚጠቀሙበት መላ አለ፤ የባሕር ዳርቻ ኮቴጅ ለአንድ ሳምንት መከራየት። ኮቴጅ ሲባል ብዙዎቹ ቀድሞ የዓሣ አጥማጆች ወይም የገበሬዎች መኖሪያ የነበሩ፣ ዛሬ ሙሉ ዕቃቸው ተሟልቶላቸው ለእረፍተኛ የሚከራዩ አነስተኛ ቤቶች ናቸው። ማዕድ ቤት፣ ሳሎን፣ ሁለት ሦስት መኝታ ቤትና ብዙ ጊዜም ትንሽ ጓሮ አላቸው። ትልቁ ጥቅማቸው ደግሞ ሌላ ነው፤ በተከራዩት ቤት ውስጥ አስተናጋጅም እንግዳም የለም። ሁለቱም ቤተሰብ እኩል ባለቤት ነው።

መጀመሪያ ቀኑን፣ ቀጥሎ ቦታውን

ዋጋውን ከቦታው ይልቅ የሚወስነው ቀኑ ነው። የእንግሊዝ ትምህርት ቤቶች የሚዘጉት በሐምሌ አጋማሽ፣ በፈረንጆቹ ጁላይ ሦስተኛና አራተኛ ሳምንት ገደማ ሲሆን፣ የሚከፈቱት በሴፕቴምበር መጀመሪያ ነው። በነዚህ ስድስት ሳምንታት የኮቴጅ ኪራይ ወደ ላይ ይወጣል።

የእኛ ልጆች ግን ሰኔ መጨረሻ ላይ ትምህርት ያበቃሉ፤ የሚመለሱትም መስከረም ላይ ነው። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ለሚሄድ ቤተሰብ ሁለት ጥሩ ክፍተቶች አሉ። አንደኛው ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ አጋማሽ፣ ሁለተኛው ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ጳጉሜን። በመጀመሪያው ክፍተት ቀኑም ረጅም ነው። ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 3 ሰዓት ካለፈ በኋላ ስለሆነ፣ ልጆች ከእራት በኋላም ባሕር ዳርቻ መጫወት ይችላሉ።

የለንደን ዘመዶችዎ ልጆች ለትምህርት ከደረሱ ግን ምርጫው ይጠባል። እንግሊዝ ውስጥ ልጅን ያለ ፈቃድ ከትምህርት ማስቀረት ወላጅን ያስቀጣል። የጉዞው ዓላማ ልጆቹን ማገናኘት ከሆነ፣ ውድ የሆነውን ሳምንት ተቀብሎ ኪራዩን ለሁለት ቤተሰብ መካፈል ይሻላል። የስድስት ሰው ሆቴል ሁለትና ሦስት ክፍል ሲያስከፍል፣ ኮቴጅ ለቤቱ አንድ ዋጋ ነው።

ቪዛና ክፍያ በቅደም ተከተል

ብዙ ገንዘብ የሚጠፋው እዚህ ላይ ስለሆነ ይጠንቀቁ። ለክረምት የሚፈለጉ ኮቴጆች ከጃንዋሪ ጀምሮ ይያዛሉ። የእንግሊዝ የጎብኚ ቪዛ ማመልከት የሚቻለው ግን ከጉዞው ሦስት ወር በፊት ጀምሮ ነው። ውሳኔው በአብዛኛው በሦስት ሳምንት ውስጥ ይመጣል፤ ቪዛው ቢከለከል የማመልከቻው ክፍያ አይመለስም። እያንዳንዱ ልጅም የራሱን ቪዛ ይፈልጋል።

ስለዚህ እንዲህ ያድርጉ። ቤቱን በእንግሊዝ ያለው ዘመድ በስሙ ይያዝና ቅድሚያ ክፍያውን ብቻ ይክፈል። ቀሪው ብዙውን ጊዜ የሚጠየቀው ከመግቢያው ቀን ስድስት ወይም ስምንት ሳምንት ሲቀር ነው። እርስዎ ሦስት ወር ሲቀር ወዲያውኑ ካመለከቱ፣ ቀሪው ከመከፈሉ በፊት ውሳኔውን የማወቅ ዕድልዎ ሰፊ ነው። ከመፈረም በፊት ግን ዘመድዎ አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፦ «እስከ መቼ ብንሰርዝ ገንዘቡ ይመለሳል?» መልሱ በጽሑፍ ይሁን። የአውሮፕላን ትኬትም ቪዛው ሳይወጣ አይቁረጡ። ልጅ ከአንድ ወላጅ ጋር ብቻ የሚጓዝ ከሆነ፣ የሌላኛውን ወላጅ የጽሑፍ ፈቃድ መያዝ ይበጃል።

የትኛው ጠረፍ?

*መኪና ለማይነዱ፦* በኬንት ያለችው ዊትስተብል ከለንደን በባቡር ከአንድ ሰዓት ተኩል ያነሰ ትወስዳለች። በኦይስተር የታወቀች የዓሣ አጥማጆች ከተማ ነች። ባሕር ዳርቻዋ አሸዋ ሳይሆን ጠጠር ስለሆነ ለልጆች የውኃ ጫማ ያስፈልጋል።

*ጠያቂ ልጆች ላሏቸው፦* በዶርሴት ያለችው ላይም ሪጂስ። ይህ ጠረፍ የ185 ሚሊዮን ዓመት የምድር ታሪክ በገደሎቹ ላይ ተደርድሮ የሚታይበት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2001 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በ1799 በከተማዋ የተወለደችው ሜሪ አኒንግ ገና በልጅነቷ ከወንድሟ ጋር የጥንት የባሕር ፍጡር አፅም አገኘች። በብሔራዊ ሙዚየም ሉሲን ያዩ ልጆች እዚህ ራሳቸው ቅሪተ አካል ፈልገው ሊያገኙ ይችላሉ። ገደሉ ስለሚናድ ግን ከሥሩ አይቁሙ።

*ሰፊ አሸዋ ለሚፈልጉ፦* ኮርንዎል ውብ ነው፤ ሩቅና በኦገስትም የተጨናነቀ ነው። ከለንደን ፓዲንግተን እስከ ፔንዛንስ ባቡሩ አምስት ሰዓት ያህል ይፈጃል።

*ጸጥታ ለሚወዱ፦* በሰሜን ምሥራቅ ያለው ኖርዘምበርላንድ። ባምብራ ላይ ግዙፉ ግንብ ከሰፊ አሸዋ በላይ ቆሟል። ውኃውም አየሩም ከደቡቡ ይቀዘቅዛል።

የባቡር ጉዞ ከመረጡ «ፋሚሊ ኤንድ ፍሬንድስ ሬልካርድ» የተባለውን የቅናሽ ካርድ ይጠይቁ። ከብዙ ትኬቶች ላይ ለአዋቂ አንድ ሦስተኛ፣ ከ5 እስከ 15 ዓመት ላሉ ልጆች 60 በመቶ ይቀንሳል። መኪና ከተከራዩ ደግሞ መንገዱ በግራ መሆኑን፣ ልጅም 12 ዓመት ወይም 135 ሴንቲ ሜትር እስኪሞላው የልጅ መቀመጫ እንደሚያስፈልገው አይርሱ።

ማስታወቂያውን ሲያነቡ

ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው፤ የማስታወቂያ ቃል እንዴት እንደሚመረጥ አውቃለሁ። «ከባሕሩ ደቂቃዎች ርቀት» ሲል በእግር ነው ወይስ በመኪና? «ባሕር ይታያል» ሲል ከሳሎን ነው ወይስ ከመታጠቢያ ቤቱ ትንሽ መስኮት? «ስድስት ሰው ያሳድራል» ሲል ሁለቱ የሚተኙት ሳሎን ተዘርግቶ በሚታጠፍ ሶፋ ላይ እንዳይሆን። «ባሕርይ ያለው ጥንታዊ ቤት» ደግሞ ብዙ ጊዜ ደረጃው ቀጥ ያለ፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ ማለት ነው። እናትዎን ይዘው የሚሄዱ ከሆነ መኝታ ቤትም መታጠቢያ ቤትም ምድር ላይ መኖሩን ያረጋግጡ። ፎጣ ይኖር እንደሆነም ይጠይቁ፤ አንዳንዶቹ አንሶላ ብቻ ይሰጣሉ።

የሳምንቱ ኪራይ ብዙውን ጊዜ ከዓርብ እስከ ዓርብ ወይም ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ነው። መግቢያው ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ፣ መውጫው ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ ነው። በረራዎን ለዚህ ያመቻቹ።

ባሕሩ ላንጋኖ አይደለም

ሐይቅ ባለበት ይቆያል፤ የእንግሊዝ ባሕር ግን ይሄዳል፣ ይመጣል። በየ12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ ሞልቶ ይመለሳል። ጠዋት ልጆች የሮጡበት አሸዋ ከሰዓት በኋላ ውኃ ሊሆን ይችላል። በኖርዘምበርላንድ ወደ ሊንደስፋርን ደሴት የሚያስገባው አስፋልት መንገድ በቀን ሁለት ጊዜ በባሕር ይዋጣል። የሙላቱ ሰዓት ሠንጠረዥ በየከተማው ይገኛል፤ ሁልጊዜ ማታ የነገውን ይመልከቱ።

ውኃው በኦገስት እንኳ በደቡብ ምዕራቡ ጠረፍ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ገደማ ነው። ሶደሬን የለመደ ልጅ ይንቀጠቀጣል። ዌትሱት የሚባለውን የሚያሞቅ የጎማ ልብስ በብዙ ባሕር ዳርቻ መከራየት ይቻላል። ጠባቂ ባለበት ዳርቻ ብቻ ይዋኙ፤ ቀይና ቢጫ ባንዲራ በተተከለባቸው መካከል መዋኘት ይፈቀዳል፣ ሙሉ ቀይ ባንዲራ ካለ ማንም አይገባም። ውኃ የወሰደው ሰው ከመታገል ይልቅ በጀርባው ተንጋሎ መንሳፈፍ እንዳለበት ለልጆችዎ አስቀድመው ያስተምሩ። አደጋ ካዩ ተከትለው አይግቡ፤ 999 ደውለው «ኮስትጋርድ» ይበሉ።

ማዕድ ቤቱ

ከአዲስ አበባ ሽሮና በርበሬ መያዝ ይችላሉ። ቅቤና ቋንጣ ግን ይተዉት፤ መንገደኛ የሥጋና የወተት ውጤት ወደ እንግሊዝ ማስገባት ክልክል ነው። እንጀራ ለንደን ካሉ የሐበሻ ሱቆች ገዝተው ይሂዱ፤ በባሕር ዳርቻ መንደር አያገኙም። ትልልቅ ሱቆች እሑድ ለስድስት ሰዓት ብቻ እንደሚከፈቱም አይዘንጉ።

ጉዞዎ በኦገስት ከሆነ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15፣ ማለትም ከኦገስት 7 እስከ 21 መሆኑን ያስቡ። የሚጾም ሰው ካለ፣ በአንዳንድ የዓሣና ድንች መጥበሻ ቤቶች ድንቹም በከብት ስብ እንደሚጠበስ ይወቅና አስቀድሞ ይጠይቅ።

ቡና ደግሞ ተቆልቶ የተፈጨ ይያዙ። ቤት ውስጥ ቢቆሉ የጭስ ማስጠንቀቂያው መጮሁ አይቀርም። ከሰል ግን በምንም ምክንያት ቤት ውስጥ አያቀጣጥሉ፤ በዝግ ጠባብ ቤት ውስጥ ጋዙ ይገድላል።

ሂሳቡን ከመሄድ በፊት

እኛ ሂሳብ ሲመጣ «እኔ ልክፈል» ብለን እንጣላለን፤ በኋላ ደግሞ ማን ስንት እንዳወጣ በሆዳችን እንቆጥራለን። ይህን ቀደም ብሎ መዝጋት ይቻላል። ኪራዩ፣ የምግቡና የትራንስፖርቱ ወጪ እንዴት እንደሚካፈል ከመሄድ በፊት ይስማሙ። የማብሰያ ተራም ያውጡ፤ አንድ ቀን እርስዎ፣ አንድ ቀን እህትዎ፣ አንድ ቀን ባሎች፣ አንድ ቀን ከውጭ የተገዛ። ዝናብ መምጣቱ ስለማይቀር ካርታ፣ ዳማና ገበጣ ሻንጣ ውስጥ ይክተቱ። ዝናብ በዘነበበት ቀን የአጎትና የአክስት ልጆች አንድ ጠረጴዛ ከበው ሲከራከሩ፣ እናንተም ማዕድ ቤት ቆማችሁ ሽንኩርት እየከተፋችሁ ስታወሩ፣ የተከራያችሁት ምን እንደሆነ ይገባችኋል።

መልካም ጉዞ!