ጄኔራል ዊንጌት፡ ከኢትዮጵያ አርበኞች ጎን የተሰለፉት እንግሊዛዊ መኮንን ማን ነበሩ?

አዲስ አበባ የሚገኘው የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ስም ለብዙዎች እንግዳ አይደለም። ባለ ስሙ ሜጀር ጄኔራል ኦርድ ዊንጌት ግን ከገዛ አለቆቻቸው ጋር ሲጋጩ የኖሩ፣ ዛሬም ድረስ የሚያወዛግቡ መኮንን ናቸው።

ዊንጌት እአአ በ1903 ሕንድ ውስጥ ተወለዱ። አጥባቂ ፕሮቴስታንት ወላጆቻቸው በመጽሐፍ ቅዱስ ኮትኩተው አሳደጓቸው። በ1923 የመድፈኛ መኮንን ሆኑ፤ ከ1928 ጀምሮም በሱዳን መከላከያ ኃይል አገለገሉ።

በ1936 በእንግሊዝ አስተዳደር ሥር ወደነበረችው ፍልስጤም ተላኩ። ከሁለት ዓመት በኋላ የእንግሊዝ ወታደሮችንና አይሁዳውያን ተዋጊዎችን ያቀፈ ልዩ የሌሊት ጓድ አቋቋሙ። የአረቦችን አመፅ ለማፈን የተሰማራው ይህ ጓድ በመንደር ነዋሪዎች ላይ ፈጽሞታል በሚባለው ጭካኔ ይወቀሳል። ዊንጌትም ለጽዮናዊነት የነበራቸው ድጋፍ አለቆቻቸውን ስላሳሰበ በ1939 ከፍልስጤም እንዲወጡ ተደረገ።

በ1940 ጄኔራል አርቺባልድ ዌቨል፣ ጣልያንን የሚወጉትን የኢትዮጵያ አርበኞች እንዲያግዙ ወደ ሱዳን ጠሯቸው። ኮሎኔል ዳንኤል ሳንድፎርድ ቀደም ብለው ጎጃም ገብተው ከአርበኞች መሪዎች ጋር ግንኙነት መሥርተው ነበር። በጥር 1941 አፄ ኃይለ ሥላሴ ከሱዳን ድንበር ተሻግረው ወደ አገራቸው ሲመለሱ ዊንጌት አብረዋቸው ነበሩ።

ዊንጌት ጦራቸውን በጥቂት ሰዎች ብዙዎችን ድል ባደረገው በጌዴዎን ስም ሰየሙት። ሱዳናውያንና ኢትዮጵያውያን የሚበዙበት ይህ ጦር ከ2 ሺህ አይበልጥም ነበር። ይሁን እንጂ የጎጃም አርበኞች ለዓመታት ባካሄዱት ተጋድሎ የተዳከመውን እጅግ የሚበልጥ የጣልያን ጦር ወደ ኋላ እንዲያፈገፍግ አስገደደው። ሚያዝያ 27/1933 ዓ.ም ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ገቡ።

ከድሉ በኋላ የእንግሊዝ ጦር ኢትዮጵያን ከጠላት እንደተያዘ ግዛት ለማስተዳደር ሞከረ። ዊንጌት በካይሮ የጻፉት ዘገባ ለአርበኞቹና ለራሳቸው ጦር ተገቢው ድጋፍ አልተሰጠም ሲል አለቆቻቸውን ክፉኛ ተቸ። በጊዜያዊነት ያገኙትን የኮሎኔልነት ማዕረግ አጥተው ወደ ሻለቃነት ተመለሱ። በወባ የታመሙትና ተስፋ የቆረጡት ዊንጌት በሐምሌ 1941 ራሳቸውን ለማጥፋት ሞክረው በሕክምና ተረፉ።

ዌቨል ግን እንደገና ፈለጓቸው፤ ይህ ጊዜ ለበርማ ግንባር ነበር። በ1943 ቺንዲት የተባለውን ጦር ይዘው ከጃፓን ሠራዊት ጀርባ ዘለቁ። ከ3 ሺህዎቹ ዘማቾች ሲሶ የሚጠጉት አልተመለሱም። አንዳንዶች ዘመቻውን ጀግንነት፣ ሌሎች ደግሞ ከንቱ መሥዋዕትነት ይሉታል። የጠቅላይ ሚኒስትር ዊንስተን ቸርችልን ድጋፍ ያገኙት ዊንጌት ግን የሜጀር ጄኔራልነት ማዕረግ ተሰጣቸው።

መጋቢት 24/1944 የተሳፈሩበት የአሜሪካ አውሮፕላን ሕንድ ውስጥ ተከስክሶ በ41 ዓመታቸው ሞቱ። የሟቾቹን አጽም መለየት ባለመቻሉ በ1950 ከአሜሪካውያኑ የበረራ ባልደረቦች ጋር በአርሊንግተን መካነ መቃብር በአንድነት ተቀበሩ።

ስማቸው በእስራኤልም አለ። ለመታሰቢያቸው የተሰየመው የሚን ኦርድ የወጣቶች መንደር ባለፉት አሥርት ዓመታት ከኢትዮጵያ የሄዱ በርካታ ቤተ እስራኤላውያን ልጆችን አሳድጓል።