«ኃይል»፣ «ልክ»ና «ክምችት»፦ በስልክ የፍልሚያ ጨዋታ ቡድን ለመምረጥ የሚያስፈልጉ ቃላት

በአማርኛ «ኃይል» የሚለውን ቃል ያህል ብዙ ሸክም የተጫነባቸው ቃላት ጥቂቶች ናቸው። የጦር ኃይል፣ የሰው ኃይል፣ የኤሌክትሪክ ኃይል እንላለን፤ በተራ ንግግር ይህ አያሳስትም፤ አጠገቡ የቆመው ቃል ፍቹን ይወስንለታልና። የሚያሳስተው አንድ ሙያ ወይም አንድ ጨዋታ በርከት ያሉ የተለያዩ መጠኖችን ባንድ ጊዜ ሲጠቀምና ሁሉም «ኃይል» ሲባሉ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው «ፖኬሞን ጎ» በሚባለው የስልክ ጨዋታ ለውድድር የሚሆን ጠንካራ ቡድን እንዴት እንደሚመረጥ ለማስረዳት የሚያስፈልጉትን ቃላት ነው። ጨዋታው በአማርኛ ስላልተዘጋጀ፣ በአሶሳም ሆነ በአዲስ አበባ ለጓደኛው ሊያስረዳ የሚሞክር ሰው ቃሉን ሁሉ ከራሱ ማምጣት ይኖርበታል። በመጀመሪያ የሚመጣለትም ያው «ኃይል» ነው።

ልዩነቱን ለማየት ከጨዋታው በፊት አንድ የታወቀ ምሳሌ እንውሰድ። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል በጉባ ወረዳ የተሠራው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ፣ ግንባታው መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጀምሮ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ግድቡ ሲነሣ ሁለት ቁጥሮች ይጠቀሳሉ፤ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብና 5,150 ሜጋ ዋት። የመጀመሪያው የንጋት ሐይቅ የሚይዘው የውኃ ክምችት ነው። ሁለተኛው ተርባይኖቹ ሁሉ ሲሠሩ በአንድ ጊዜ ሊያመነጩ የሚችሉት፣ ማለት አቅማቸው ነው። ሐይቁ ጢም ብሎ ቢሞላም ውኃው በተርባይን እስካላለፈ ድረስ መብራት አይገኝም፤ ተርባይኑ ምንም ያህል ትልቅ ቢሆን ክምችት ከሌለ አይዞርም። ሁለቱንም «ኃይል» ብለን ብንጠራ ኖሮ የግድቡን አሠራር ለማስረዳት ባልቻልን ነበር። በጨዋታውም የሚያጋጥመን ይኸው ነው።

«ፖኬሞን» የሚለው ስም ጃፓኖች «የኪስ ጭራቅ» የሚል ትርጉም ያላቸውን ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት አሳጥረው ያበጁት ነው። በእኛ ተረት ግን ጭራቅ ሰው በላ ነው፤ በጨዋታው ያሉት ደግሞ የሚያዙ፣ የሚያድጉና የሚሠለጥኑ ናቸው። ስለዚህ ነጠላውን «ፍጡር» ብለነዋል። ጨዋታው የወጣው እ.ኤ.አ. በ2016 ሲሆን፣ ተጫዋቾች እርስ በርሳቸው መፋለም የቻሉት እ.ኤ.አ. ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ ነው። እያንዳንዱ ተፋላሚ ሦስት ፍጡራንና ሁለት ጋሻዎች ይዞ ይገባል። ለዚህ ፍልሚያ የሚከተሉትን ቃላት እናቀርባለን።

ሀ/ ልክ፦ በእያንዳንዱ ፍጡር ራስ ላይ የሚታየው ቁጥር ነው። በቀጥታ ቢተረጎም «የውጊያ ኃይል» ይሆናል፤ ነገር ግን አሳሳች ነው። «ልክ» በአማርኛ መጠንም ወሰንም ማለት ስለሆነ ለዚህ ይስማማል፤ ሊጎቹ የሚለያዩት በዚሁ ቁጥር ነውና። በአንደኛው ሊግ ከ1,500፣ በሁለተኛው ከ2,500 ያለፈ ፍጡር አይገባም፤ ሦስተኛው ገደብ የለውም። «ሊግ» የሚለውን ቃል እግር ኳስ ስላለማመደን ሳንተረጉም ወስደነዋል።

ለ/ ማጥቃት፣ መከላከል፣ ጽናት፦ ልክ የሚሰላባቸው ሦስቱ ነጥቦች ናቸው። ጽናት ፍጡሩ ሳይወድቅ የሚሸከመው የጉዳት መጠን ነው።

ሐ/ ክምችት፦ ፍጡሩ በፍልሚያው ጊዜ የሚያጠራቅመው ነው። በፈጣን ምት ይጠራቀማል፤ በከባድ ምት ይወጣል። ጋሻ የሚመክተው ከባዱን ምት ነው። ተርባይኑንና ሐይቁን ያሰበ አንባቢ ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

መ/ ባሕርይ፦ ፍጡሩ የሚመደብበት ወገን ነው፤ ውኃ፣ እሳት፣ መሬት፣ ዕፅ፣ ብረት፣ መርዝ እያለ 18 ይደርሳል። «ዓይነት» የሚለው ቃል እጅግ ሰፊ በመሆኑ ትተነዋል። የቀድሞ ሊቃውንት ነፋስን፣ እሳትን፣ ውኃንና መሬትን «አራቱ ባሕርያት» ይሏቸው ስለነበር ቃሉ ከጥንት የተዘጋጀ ነው። እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ ያስፈልጋል፤ በጉባ ኤሌክትሪክን የሚወልደው ውኃ ነው፤ በጨዋታው ግን ኤሌክትሪክ ውኃን ይረታል። የባሕርያቱ ግንኙነት በጨዋታው ሕግ የተወሰነ እንጂ ከተፈጥሮ የተቀዳ አይደለም። «ፌሪ» የተባለውን ባሕርይ «አድባር» ብንለው ከሕዝብ እምነት ጋር ስለሚጋጭ እንዳለ ተወስዷል።

ሠ/ ፊታውራሪ፣ ተቀያሪ፣ ደጀን፦ የሦስቱ ፍጡራን ተራ ነው። ፊታውራሪው ፍልሚያውን ይከፍታል፤ ተቀያሪው ፊታውራሪው ባላጋራ ሲገጥመው ይተካዋል፤ ደጀኑ ለፍጻሜው ይቆያል። የመጀመሪያውና የመጨረሻው ከጦር ሠራዊት፣ መካከለኛው ከእግር ኳስ የተገኙ ናቸው።

የቃላቱ መፈተኛ ትምህርቱን በእነርሱ ለማስረዳት መቻል ነው። እስቲ «ኃይል» የሚለውን ቃል ሳንጠቀም ቡድን እንምረጥ።

ጀማሪ ተጫዋች ትልቅ ልክ ያላቸውን ሦስት ፍጡራን ይሰበስባል። ይሁን እንጂ በ1,500 ሊግ የሁሉም ልክ ከገደቡ ሥር የተቀራረበ ስለሆነ ቁጥሩ ብልጫ አይሰጥም። ቁም ነገሩ ልኩ በምን እንደተሞላ ነው። በስሌቱ ማጥቃት በሙሉ ዋጋው ሲገባ፣ ከመከላከልና ከጽናት የሚገባው ዳግም ዘራቸው ብቻ ነው። ስለዚህ ማጥቃት ልክን ቶሎ ይሞላል፤ ማጥቃቱ ዝቅ ያለ ፍጡር ግን በዚያው ገደብ ውስጥ ብዙ መከላከልና ጽናት ይይዛል። ፍጡራን ሲገኙ በየነጥቡ ከ0 እስከ 15 የሚደርስ ተጨማሪ ይዘው ይመጣሉ፤ ገደብ ባለበት ሊግ ከሦስቱም 15 ካለው ይልቅ በማጥቃት ዜሮ፣ በሌሎቹ 15 ያለው ብዙውን ጊዜ የሚመረጠው በዚህ ምክንያት ነው። ገደብ በሌለበት ሊግ ግን ይህ ብልጫ ይቀራል።

ቀጥሎ የሚታየው ባሕርይ ነው። በሚረታው ባሕርይ የተመታ ፍጡር ጉዳቱ በ1.6 ይባዛል፤ ሁለት ባሕርያት ኖረውት ሁለቱም የሚረቱ ከሆነ በ2.56 ይባዛል። ለምሳሌ አዙማሪል (ውኃና ፌሪ)፣ ስካርሞሪ (ብረትና በረራ) እና ስዋምፐርት (ውኃና መሬት) አንድ ቡድን ይሁኑ። አዙማሪል ለኤሌክትሪክ፣ ለዕፅና ለመርዝ ይሸነፋል፤ ስካርሞሪ ለኤሌክትሪክና ለእሳት፤ ስዋምፐርት ለዕፅ ብቻ፣ ያውም በ2.56። ለየብቻቸው ሲታዩ ሦስቱም ቀዳዳ አላቸው። አንድ ላይ ሲቆሙ ግን ኤሌክትሪክን ስዋምፐርት፣ ዕፅንና መርዝን ስካርሞሪ፣ እሳትን ሁለቱ የውኃ ፍጡራን ይመክታሉ። ተቀያሪ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው፤ አንዱን የሚረታው በመጣ ጊዜ ሌላው ይገባል።

በመጨረሻ ምቶቹ ይመረጣሉ። ብዙ የሚጎዳ ፈጣን ምት ክምችትን በዝግታ ሊሞላ ይችላል፤ እምብዛም የማይጎዳው ደግሞ ቶሎ ቶሎ ከባድ ምት ያስገኛል። ክምችቱን ቶሎ የሚሞላ ፍጡር የተፋላሚውን ሁለት ጋሻዎች ቀድሞ ስለሚያስጨርስ በፊት መሰለፍ ይስማማዋል። ደጀን የሚሆነው ጋሻዎች ካለቁ በኋላ ምቱ ሙሉ በሙሉ የሚያርፍለት ነው።

ከዚህ የምንረዳው ቃላትም እንደ ቡድን መመረጥ እንዳለባቸው ነው። «ኃይል» ብቻውን ሲታይ ብርቱ ቃል ነው፤ ነገር ግን የልክን፣ የማጥቃትንና የክምችትን ቦታ ጠቅልሎ ከያዘ ለአስረጂው ምንም አይተውለትም። ጉዳቱም በአማርኛ ብቻ አይቀርም። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ አፋቸውን በበርታ፣ በጉሙዝ፣ በሺናሻ፣ በማኦ ወይም በኮሞ የፈቱ ወጣቶች አዲስ የሙያ አሳብ በአማርኛ በኩል ሊደርሳቸው ይችላል። አማርኛው ሦስቱን ነገሮች አንድ አድርጎ ካቀረበ፣ ወደ ራሳቸው ቋንቋ የሚመልሱት ያንኑ ድብልቅ ነው። ልዩነቱን ለይቶ ካቀረበ ግን ቃሉን ከየቋንቋቸው ጓዳ ራሳቸው ያወጡለታል። ከላይ ከቀረቡት የተሻለ ቃል ያለው አንባቢ ቢኖር በደስታ እንቀበላለን፤ የምንጠይቀው ቃሉን ከጎረቤቶቹ ጋር አሰልፎ እንዲያቀርብልን ብቻ ነው።