የሞተር እሽቅድምድም መድን

የሞተር እሽቅድምድም መድን የመኪናና የሞተር ብስክሌት ውድድር የሚያዘጋጁ ክበቦች፣ ተወዳዳሪዎችና ረዳቶቻቸው በውድድር ምክንያት ለሚደርስባቸው ወይም በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሱት ጉዳት የሚገቡት ዋስትና ነው። አንድ ውል ሳይሆን የበርካታ ውሎች ስብስብ ሲሆን በሦስት ይከፈላል፦ በሌሎች ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሚገባ የኃላፊነት መድን፣ ለሰው አካልና ሕይወት የሚገባ የግል አደጋ መድን፣ እና ለተሽከርካሪው የሚገባ የንብረት መድን።

ሕግ ክበቦችን የሚያስገድደው በዋነኛነት የመጀመሪያውን እንዲገቡ ነው። የተወዳዳሪው የራሱ አካልና የራሱ መኪና ብዙውን ጊዜ ከዚህ ግዴታ ውጪ ናቸው። ስለዚህ «ውድድሩ መድን አለው» ሲባል ነገሩ እውነት ቢሆንም፣ ተወዳዳሪው ራሱ ያለ በቂ ዋስትና ሊሆን ይችላል።

ተራ የመኪና መድን በውድድር ላይ

መድን ሰጪ ድርጅት ዓረቦን የሚተምነው አደጋ የመድረስ ዕድልን ገምቶ ነው። ለተራ መኪና ሲተምን መኪናው በመንገድ ላይ በትራፊክ ሕግ መሠረት እንደሚነዳ ያስባል። በእሽቅድምድም ላይ ግን አሽከርካሪው መኪናውን እስከ መጨረሻው የፍጥነት ዳር ድረስ ይነዳል፤ ሌሎችም ከጎኑ እንዲሁ ያደርጋሉ። በዚህ ምክንያት ተራ የመኪና መድን ውል ውድድርን፣ የፍጥነት ሙከራንና ለእነዚህ የሚደረግ ልምምድን ብዙውን ጊዜ ከዋስትናው ውጪ ያደርጋል። ክበቦች ለአባሎቻቸው የሚያዘጋጁት፣ አሸናፊ የማይለይበትና ሰዓት የማይያዝበት የውድድር ሜዳ የመንዳት ቀንም በብዙ ውሎች ውስጥ በስም ተጠቅሶ የተከለከለ ነው።

ወሰኑ ግን ሁልጊዜ የሜዳው በር አይደለም። በጀርመን የሚገኘው የኑርቡርግሪንግ ሰሜናዊ ዙሪያ ውድድር በማይኖርበት ጊዜ ክፍያ ለከፈለ ማንኛውም አሽከርካሪ ክፍት ይሆናል። በእነዚያ ሰዓታት የመንገድ ትራፊክ ደንብ የሚሠራበት የክፍያ መንገድ በመሆኑ መኪናው የመንገድ መድን ሊኖረው ይገባል። የመከላከያ ብረቱን ገጭቶ የጎዳ አሽከርካሪ የማስጠገኛውን ወጪ ይጠየቃል። በራሊ ውድድርም ተመሳሳይ ድብልቅ አለ። ለትራፊክ በተዘጋው የፍጥነት ክፍል ላይ የውድድሩ መድን ሲሠራ፣ መኪናው ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው በሕዝብ መንገድ ሲጓዝ ግን እንደማንኛውም መኪና የሦስተኛ ወገን መድን ያስፈልገዋል።

ታሪክ

በብሪታንያ የሦስተኛ ወገን የመኪና መድን አስገዳጅ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1930 በወጣው የመንገድ ትራፊክ ሕግ ነው። ሕጉ የሚመለከተው የሕዝብ መንገድን እንጂ የውድድር ሜዳን አልነበረም። በዚያው ዓመት እ.ኤ.አ. በ1907 በተከፈተው የብሩክላንድስ ሜዳ ላይ ሁለት የውድድር መኪናዎች ተነካክተው አንደኛው አጥሩን ጥሶ ተመልካቾች ላይ ወጣ፤ የሞትና የአካል ጉዳትም ደረሰ። አንድ የተጎዳ ተመልካች ሜዳውን የሚያስተዳድረውን የብሩክላንድስ አውቶ ሬሲንግ ክለብን ከሰሰ። ዳኞች ሸንጎ ለተመልካቹ ቢፈርድም ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሻረው። ምክንያቱም ሜዳው ከተከፈተ ጀምሮ እንዲህ ያለ አደጋ ደርሶ ስለማያውቅ ክበቡ አስቀድሞ ሊያስበው ይገባ ነበር አይባልም የሚል ነበር። ፍርዱ ክበብ ተገቢ ጥንቃቄ የማድረግ ግዴታ እንዳለበት፣ ነገር ግን ለማንኛውም አደጋ ዋስ እንዳልሆነ አስቀመጠ። የዚህም ትርጉም ግልጽ ነበር፤ የክበቡ ጥፋት ካልተረጋገጠ ተጎጂው ካሣ የሚያገኝበት መንገድ አልነበረም።

አስተሳሰቡን ይበልጥ የለወጠው በፈረንሳይ ለ ማን ከተማ እ.ኤ.አ. ሰኔ 11 ቀን 1955 የደረሰው አደጋ ነው። በ24 ሰዓቱ ውድድር ላይ የፒየር ለቬግ መርሴዲስ ከሌላ መኪና ጋር ተጋጭቶ ስብርባሪው ወደ ሕዝቡ ተወረወረ። አሽከርካሪውና ከ80 በላይ ተመልካቾች ሞቱ። ስዊዘርላንድ ከዚህ በኋላ በዙሪያ ሜዳ የሚደረግ የመኪና እሽቅድምድምን ከለከለች። ከሁለት ዓመት በኋላ በጣሊያን የሚሌ ሚልያ ውድድር አንድ የፌራሪ መኪና ከመንገድ ወጥቶ ሕፃናትን ጨምሮ ተመልካቾችን ገደለ፤ በሕዝብ መንገድ ላይ የሚደረገው የፍጥነት ውድድርም በዚያው ቆመ። አንድ አደጋ ብቻ የብዙ ቤተሰቦችን ካሣ ሊያስከትል እንደሚችል ከታየ ወዲህ፣ የአዘጋጁ የኃላፊነት መድን የውድድር ፈቃድ ማግኛ ቅድመ ሁኔታ እየሆነ መጣ።

የመድኑ ዓይነቶች

የኃላፊነት መድን፦ ክበቡ፣ ሠራተኞቹ ወይም ተወዳዳሪዎቹ በተመልካች፣ በጎረቤት ንብረት ወይም በሌላ ሦስተኛ ወገን ላይ ላደረሱት ጉዳት በሕግ የሚጠየቁትን ካሣ ይከፍላል። የክርክር ወጪንም ብዙውን ጊዜ ይሸፍናል። ውሉ ለአንድ አደጋ የሚከፈል ከፍተኛ መጠን ይኖረዋል፤ ከዚያ በላይ ያለው ዕዳ በክበቡ ላይ ይቀራል። እዚህ ላይ ቁልፍ ጥያቄ አንዱ ተወዳዳሪ ለሌላው ተወዳዳሪ «ሦስተኛ ወገን» ይሆናል ወይ የሚለው ነው። መልሱ ከአገር አገር፣ ከውል ውል ይለያያል።

የግል አደጋ መድን፦ ማን እንዳጠፋ ሳይጠየቅ ለሞት፣ ለቋሚ የአካል ጉዳት ወይም ለሕክምና አስቀድሞ የተወሰነ ገንዘብ ይከፍላል። ብዙ ፌዴሬሽኖች በተወዳዳሪነት ፈቃድ ክፍያ ውስጥ ያካትቱታል። ሆኖም የሚከፈለው መጠን በሠንጠረዥ የተወሰነ ስለሆነ ዕድሜ ልክ እንክብካቤ የሚያስፈልገውን የአከርካሪ ወይም የጭንቅላት ጉዳት ላይበቃ ይችላል።

የውድድር መኪና መድን፦ በሜዳ ላይ ለሚደርስ ግጭት፣ በመጋዘን ውስጥ ለሚደርስ ቃጠሎና ስርቆት፣ ለመጓጓዣም ለየብቻ ይገባል። የሜዳ ላይ ግጭት ዋስትና ውድ ነው። ባለመኪናው ከእያንዳንዱ ጉዳት በራሱ የሚከፍለው የመጀመሪያ ድርሻም ከፍተኛ ይሆናል። የሞተር ብልሽትና እርጅና አይካተቱም። ብዙ አማተር ተወዳዳሪዎች ይህን መድን ትተው የመኪናቸውን ኪሣራ በራሳቸው ይሸከማሉ።

የሠራተኞችና የበጎ ፈቃደኞች መድን፦ ባንዲራ የሚያሳዩ አስተናባሪዎች፣ የእሳት አጥፊና የሕክምና ቡድኖች ከተወዳዳሪው ባልተናነሰ ለአደጋ ቅርብ ናቸው። ደመወዝ ስለማይከፈላቸው በሠራተኛ ጉዳት መድን ውስጥ ላይገቡ ይችላሉ፤ ስለዚህ በክበቡ ውል ውስጥ በግልጽ መጠቀስ አለባቸው።

የአስገዳጅነት ሥርዓት በብሪታንያና በፈረንሳይ

በብሪታንያ እ.ኤ.አ. የ1988ቱ የመንገድ ትራፊክ ሕግ በሕዝብ መንገድ ላይ እሽቅድምድም ማዘጋጀትንም ሆነ መሳተፍን ወንጀል ያደርገዋል። በኋላ በተጨመሩት አንቀጾች መሠረት ግን የተፈቀደለት የስፖርት አካልና የአካባቢው አስተዳደር ሲስማሙ መንገድ ለውድድር ሊዘጋ ይችላል። በተዘጉ ሜዳዎች ላይ መድኑ የሚመራው በስፖርቱ ሥርዓት በኩል ነው። የአገሪቱ የመኪና ስፖርት የበላይ አካል ሞተርስፖርት ዩኬ ለክበቡ የውድድር ፈቃድ ሲሰጥ ውድድሩ በጋራ የኃላፊነት መድን ሥር ይገባል። ክበቡ ከፈቃዱ ውጪ የሚያደርገው ነገር፣ ለምሳሌ ያልተፈቀደ ተጨማሪ ልምምድ፣ ከመድኑም ውጪ የመውደቅ አደጋ አለው።

በፈረንሳይ ግዴታው በስፖርት ሕጉ ውስጥ ተጽፏል። የስፖርት ማኅበራትና ፌዴሬሽኖች የራሳቸውን፣ ደመወዝተኛም ሆኑ በጎ ፈቃደኛ የሆኑ ሠራተኞቻቸውንና የስፖርተኞቹን ኃላፊነት የሚሸፍን መድን መግባት አለባቸው። ሕጉ ስፖርተኞች እርስ በርሳቸው እንደ ሦስተኛ ወገን እንደሚቆጠሩ በግልጽ ይናገራል። መድን ያልገባ ማኅበር ኃላፊ እስከ 6 ወር እስራትና እስከ 7,500 ዩሮ መቀጮ ሊቀጣ ይችላል። ለስፖርተኛው የራሱ አካል ግን ሕጉ የሚጠይቀው የግል አደጋ መድን መግባት እንደሚጠቅመው ማኅበሩ እንዲያሳውቀው ነው። መግባቱና አለመግባቱ የስፖርተኛው ምርጫ ነው።

የትራክተሩ ፍርድና የአውሮፓ ኅብረት መመሪያ

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2007 በስሎቬኒያ አንድ ገበሬ በጎተራ ውስጥ የታሰረ ድርቆሽ ሲደረድር፣ ተጎታች ያለው ትራክተር ወደ ኋላ ሲሄድ የቆመበትን መሰላል መታው፤ ሰውየውም ወድቆ ተጎዳ። ከትራክተሩ መድን ሰጪ 15,944.10 ዩሮ ካሣ ጠየቀ። የአገሪቱ ፍርድ ቤቶች ትራክተሩ በዚያ ሰዓት የሥራ መሣሪያ እንጂ የመንገድ መጓጓዣ አልነበረም ብለው ጥያቄውን ውድቅ አደረጉ። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ግን እ.ኤ.አ. መስከረም 4 ቀን 2014 በሲ-162/13 መዝገብ በሰጠው ፍርድ፣ አስገዳጁ የመኪና መድን ከተሽከርካሪው መደበኛ አገልግሎት ጋር የሚስማማን ማንኛውንም አጠቃቀም እንደሚሸፍን ወሰነ።

ፍርዱ ስለ እሽቅድምድም አንድም ቃል አልተናገረም፤ ይሁንና በግል መሬት ላይ የሚነዳ ተሽከርካሪ በአስገዳጁ መድን ሥር ከገባ የውድድር መኪናም ሊገባ ነው። ያ ማለት እያንዳንዱ ተወዳዳሪ በሜዳው ላይ በሌላው ተወዳዳሪ ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት የመንገድ ዓይነት መድን መያዝ ይኖርበታል። የብሪታንያ መንግሥት ይህ ቢተገበር በአገሪቱ የሞተር ስፖርት ላይ በዓመት 458 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ የዓረቦን ወጪ እንደሚጨምር ገመተ። ብሪታንያ ከኅብረቱ ከወጣች በኋላ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2022 ባወጣችው ሕግ ፍርዱ በአገሪቱ እንዳይሠራ አደረገች።

ኅብረቱም እ.ኤ.አ. በ2021 በመመሪያ 2021/2118 ጉዳዩን አስተካከለ። ከታኅሣሥ 2023 ጀምሮ በሚሠራው በዚህ መመሪያ መሠረት አባል አገሮች በተከለለ ቦታ የሚደረግ ውድድርን፣ ልምምድንና ሙከራን ከአስገዳጁ የመኪና መድን ነጻ ማድረግ ይችላሉ። ለዚህም አዘጋጁ ወይም ሌላ አካል ተመልካቾችን ጨምሮ ሦስተኛ ወገኖችን የሚሸፍን አማራጭ መድን ወይም ዋስትና መግባት አለበት። ይህ አማራጭ የተወዳዳሪ አሽከርካሪዎችንና የመኪናዎቻቸውን ጉዳት የግድ እንዲሸፍን አይጠበቅም። እሽቅድምድሙ ከመቆም የዳነው በዚህ ክፍፍል ነው፤ አሽከርካሪው ደግሞ ለራሱ እንዲያስብ ተተወ።

የኃላፊነት መተው ፊርማ

ተወዳዳሪዎች ከውድድሩ በፊት አደጋ ቢደርስ ክበቡን እንደማይከሱ የሚገልጽ ሰነድ ይፈርማሉ። ይህ ሰነድ መድን አይደለም፤ ለፈረመውም ምንም አይከፍልም። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው ፍትሐዊ ያልሆኑ የውል ቃላት ሕግ፣ አንድ ድርጅት በቸልተኝነቱ ለደረሰ ሞት ወይም የአካል ጉዳት ያለበትን ኃላፊነት በውል ወይም በማስታወቂያ ማስቀረት እንደማይችል ይደነግጋል። ስለዚህ አጥሩ በቸልተኝነት ሳይጠገን ቀርቶ ሰው ከተጎዳ ፊርማው ክበቡን ከተጠያቂነት አያድነውም።

በኢትዮጵያ ሕግ

በኢትዮጵያ በመንገድ ላይ የሚነዳ ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን እንዲኖረው አዋጅ ቁጥር 799/2005 ያስገድዳል። የ1952ቱ የንግድ ሕግም የንብረት፣ የኃላፊነትና የሰው መድንን ለይቶ ያስቀምጣል። ስፖርትን በሚመለከት የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2068 በስፖርት ጨዋታ ላይ የሚገኝ ሰው በተጫዋች ወይም በተመልካች ላይ ጉዳት ቢያደርስ፣ ተንኮል ወይም ከባድ የጨዋታ ደንብ መጣስ ከሌለ በቀር ኃላፊ እንደማይሆን ይደነግጋል። በሌላ በኩል ቁጥር 2081 የሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። አንድ የመኪና ውድድር ሁለቱንም ቁጥሮች በአንድ ጊዜ ይነካል። ቁጥር 2068 የሚናገረው በጨዋታው ስለሚሳተፈው ሰው እንጂ ስለ አዘጋጁ ክበብ አለመሆኑም መታየት አለበት። ኃላፊነት በማይኖርበት ቦታ ደግሞ የኃላፊነት መድን የሚከፍለው ነገር የለም፤ ያኔ ለተጎጂው የሚደርስለት የግል አደጋ መድን ብቻ ነው።

ምሳሌ

በአንድ የክበብ ውድድር ላይ አንድ መኪና መስመሩን ስቶ ሌላ መኪና ገጨ እንበል። በግጭቱ የተገጨው አሽከርካሪ እግር ተሰበረ፤ የመከላከያው ብረት ታጠፈ፤ አንድ አስተናባሪ ተጎዳ፤ በተወረወረ ጎማም አንድ ተመልካች ቆሰለ። የተመልካቹን ካሣ የክበቡ የኃላፊነት መድን ይመለከተዋል። አስተናባሪው የሚካሰው ውሉ በጎ ፈቃደኞችን የሚያካትት ከሆነ ነው። እግሩ የተሰበረው አሽከርካሪ ከግል አደጋ መድኑ ሠንጠረዥ ላይ ያለውን ያገኛል፤ ከዚያ በላይ ለማግኘት ውሉ ወይም ሕጉ ተወዳዳሪዎችን እርስ በርስ እንደ ሦስተኛ ወገን መቁጠሩን፣ የሌላውንም ጥፋት ማረጋገጥ ይኖርበታል። ሁለቱን መኪናዎች ባለቤቶቻቸው የሜዳ ላይ መድን ካልገቡ ከኪሳቸው ያስጠግናሉ። የታጠፈውን ብረት ማን እንደሚከፍል ደግሞ ክበቡ ከሜዳው ባለቤት ጋር የፈረመው የኪራይ ውል ይወስናል።

በዚህ ምክንያት ከውድድር በፊት የሚጣሩት ዋና ዋና ነጥቦች የሚከተሉት ናቸው፦ ፈቃዱና መድኑ የሚሸፍኑት ቀንና ሰዓት፣ ልምምዱ መካተቱ፣ ለአንድ አደጋ የሚከፈለው ከፍተኛ መጠን፣ ተወዳዳሪዎች እርስ በርሳቸው ሦስተኛ ወገን መሆን አለመሆናቸው፣ በጎ ፈቃደኞች መካተታቸው፣ የግል አደጋ መድኑ የክፍያ ሠንጠረዥ፣ እንዲሁም አደጋ ሲደርስ ለመድን ሰጪው የማሳወቂያ ጊዜ ገደብ።