የደመወዝ ወለሉ እስከ መቼ ይጠበቃል?

ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ዝቅተኛው የመንግሥት ሠራተኛ የወር ደመወዝ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር ከፍ ብሏል። በግል ፋብሪካ የተቀጠረች ሠራተኛ ግን እንዲህ ያለ ወለል የላትም። አሠሪዋ በወር 2,000 ብር ቢከፍላት ሕግ ጣስህ የሚለው የለም። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መንግሥት፣ አሠሪዎችና የሠራተኛ ማኅበራት የሚወከሉበት የደመወዝ ቦርድ እንደሚኖር ደንግጎ ዝርዝሩን ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ትቶታል። የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን በየሜይ ዴይ የደመወዝ ወለል ጥያቄን ያነሳል፤ በዓሉም ያልፋል።

የአሠሪዎች መከራከሪያ የታወቀ ነው፦ ደመወዝ በሕግ ከጨመረ ባለሀብት ይሸሻል፣ ቅጥር ይቀንሳል። ስጋቱ መሠረተ ቢስ አይደለም፤ ሁልጊዜ እውን ይሆናል ማለት ግን አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1992 ኒው ጀርዚ ዝቅተኛውን የሰዓት ክፍያ ከ4.25 ወደ 5.05 ዶላር ስታሳድግ፣ ኢኮኖሚስቶቹ ዴቪድ ካርድና አላን ክሩገር የፈጣን ምግብ ቤቶቿን ከጎረቤቷ ፔንሲልቫኒያ ጋር አነጻጽረው ቅጥር ሲቀንስ አላገኙም። ኒው ጀርዚ ግን ሐዋሳ አይደለችም። የራሳችን ማስረጃ ይበልጥ ይናገራል።

የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ሪፖርት፣ በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የልብስ ስፌት ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነበር፤ ልብስ ወደ ውጭ ከሚልኩ ዋና ዋና አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው። ከገጠር የመጣችው ወጣት አንዲት ጠባብ ክፍል ከጓደኞቿ ጋር ተጋርታ ኪራይና ምግብ ስትችል እጇ ላይ የሚቀር አልነበረም። ስለዚህ ትለቃለች። ሪፖርቱ እንደሚለው ፋብሪካዎቹ በአንድ ዓመት ውስጥ መላ ሠራተኞቻቸውን የመተካት ያህል ሰው ይለቅባቸው ነበር። ተመራማሪዎቹ ክሪስ ብላትማንና ስቴፋን ዴርኮን ቀደም ብለው በኢትዮጵያ በሚገኙ አምስት ድርጅቶች ያደረጉት ጥናትም፣ ከተቀጠሩት ከሦስት አራተኛ በላይ የሚሆኑት በዓመት ውስጥ መልቀቃቸውን አሳይቷል።

ይህን በሒሳብ እንየው። መቶ ስፌተኞች ያሉት ፋብሪካ በዓመት 1,200 የወር ደመወዝ ይከፍላል። መቶውም በዓመቱ ቢቀየሩና እያንዳንዱ አዲስ ሰው እጁን እስኪያፍታታ ሁለት ወር ቢፈጅ፣ 200ው ደመወዝ የወጣው ለሥልጠና ነው። አሠሪው 8 በመቶ ቢጨምር ወጪው 96 የወር ደመወዝ ነው። ጭማሪው የሚለቀውን ሰው በግማሽ ከቀነሰ ደግሞ 100 ያተርፋል። በዝቅተኛ ደመወዝ የሚገኘው ቁጠባ በሥልጠና ወጪ ተመልሶ ይሄዳል። ርካሽ ጉልበት ገበያም አያስጠብቅም፤ እ.ኤ.አ. በጥር 2022 ወደ አሜሪካ ከቀረጥ ነፃ ከሚያስገባው ከአጎዋ ዕድል ስንታገድ የደመወዛችን ዝቅተኛነት አላስጣለንም።

ሁሉም አሠሪ ግን እኩል አይችልም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ገበያው ክፍት ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ ከእጥፍ በላይ ሄደ። በዶላር ሸጦ በብር የሚከፍለው ላኪ ደመወዙን በብር ካልጨመረ ወጪው በዶላር ሲተመን ከግማሽ በታች ወርዶለታል፤ ስለዚህ አቅም የለኝም ቢል አላምነውም። ሁለት ሰው ቀጥሮ ዳቦ የሚጋግረው ሰውዬ ጉዳይ ሌላ ነው። ዱቄቱም ኪራዩም ጨምሮበታል፤ ለላኪው የተቆረጠው ወለል እሱ ላይ ቢጫን አንዱን ሠራተኛ ያሰናብታል፣ ወይም ያለ ውል ያሠራል። የቤት ሠራተኛዋና የቀን ሠራተኛው ደግሞ ቦርዱ ቢቋቋምም የሚደርሳቸው ጥቂት ነው።

ሌላም ቀዳዳ አለ። ወለሉ ሲወጣ የፋብሪካው ሰርቪስ ሊቀር፣ ምሳው ሊሰረዝ፣ የቀኑ ኮታ ሊጨምር ይችላል። ወለሉ መነሻ ደመወዝ ነው ወይስ ጥቅማ ጥቅምንም ይጨምራል የሚለው ካልተለየ ጭማሪው በወረቀት ላይ ይቀራል።

በእኔ አስተያየት ወለሉ ከዝቅተኛ ቁጥር ይጀምር፣ በዘርፍ ይለያይ፣ ከዋጋ ንረት ጋር በየዓመቱ ይታይ። የመንግሥትን 6,000 ብር ለሁሉም መገልበጥ ትናንሾቹን ይጎዳል፤ ምንም ወለል አለማድረግ ደግሞ ሠራተኛዋን ለገበያ ጥሎ መሄድ ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ቁጥር የሚያወጣው ቦርዱ ስለሆነ፣ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንቡን ያውጣ።